የምሽጉ መድፍ

መነንዬ፣ ፖስት ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አቆየሁት።

ሴንት ኦገስቲን ነን። ስፔኖች ባሕሩ ዳር የሠሩት አሮጌ ምሽግ ያለባት ከተማ ናት። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤታችን ከወጣን ጀምሮ ያዘልነው ሻንጣ ትከሻችንን ልጦታል። ዛሬ ለጎብኚ ብለው ከግንቡ ላይ መድፍ ሲተኩሱ ገላው ሳቀና «እኛ አገር ቢሆን ትልቅ ሰው ሞተ ይባል ነበር» አለኝ። ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ትናንት ደውለሽ «እሁድ ማለዳ ነው የምትገቡት?» ብለሽ ሁለቴ ስትጠይቂኝ ነው የገባኝ። አንቺ እኮ እሁድ ሳይረፋፍድ ከአልጋ አትወርጂም። ታመው የከረሙት የገላው አባት አርፈዋል፤ በማለዳ ልታረዱት ነው። በስልክ እንዳልጠይቅሽ ከጎኔ አይጠፋም።

አሁን ሱቅ ውስጥ ለአባቱ ባርኔጣ እየመረጠ ነው። «ልካቸው ይመስልሻል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበል?

እስከ እሁድ ባሕሩን ይይ፣ ማንም እንዳይደውልለት። የቤቱ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው፤ ጥቁር ቀሚሴን አውጪልኝ። በፍቃዱንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ስትሰበሰቡ ግን መኪኖቻችሁን ከሕንጻው ፊት አታቁሙ። ካያቸው ገና ከታክሲ ሳይወርድ ያውቃል።

ሀሴት