ጉድና ጅራት ከካሜራው በስተኋላ

ውድ እታለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ እኔን ቀድሞ ደጃፍሽን ያንኳኳ። እንዴት ነሽልኝ? የስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብሺ የሚወጋሽ ቀኝ ትከሻሽ ተሻለሽ? ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ዋጥ ታደርጊዋለሽ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? አባዬ ከወንበሩ ሲነሳ አሁንም «ወይ ጉልበቴ» ብሎ ቤቱን ያስደነግጣል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። የሚያመኝ ነገር ቢኖር ከአንገት በታች ከሆድ በላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ሐኪም አያየውም። ለዚህ ነው ላንቺ የምጽፈው።

በስልክ ልነግርሽ ብዬ ነበር። ነገር ግን ስልኩ ሲጮህ እማዬ ካንቺ ቀድማ ጆሮዋን ትደቅናለች። ደብዳቤውንም ቢሆን «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» እንደምትልሽ አውቃለሁ። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፤ «ጉሮሮሽን ጥረጊ» ብዬ የጻፍኩበት ስትደርሺ እህ እህ በይና ዝለይው። «ምነው ቆምሽ?» ካለችሽ ጽሑፉ አልነበብ አለኝ በያት። የእጅ ጽሑፌን ስለምታውቀው ታምንሻለች።

ለእማዬ የሚነበበው ይኸውና። እኔና ትንሹ ወንድማችን በጤና አለን። አንድ ክፍል እንኖራለን፣ ከአንድ ሳህን እንበላለን፤ ካልሲ ደግሞ ማን የማንን እንደሚያደርግ መለየት ካቆምን ቆይተናል። እኔ አሁንም የጎልፍ ሜዳው ላይ ሣር አጫጅ ነኝ፤ እሱ ደግሞ እኔ አስገብቼው ልምምድ ሜዳው ላይ ኳስ ይለቅማል። ጎልፍ ምንድን ነው ካለች፣ ትንሽ ነጭ ኳስ በረጅም ዱላ መትቶ ከሩቅ ያለች ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው በያት። «ለዚህ ነው ትልልቅ ሰው ፀሐይ የሚመታው?» ማለቷ አይቀርም። አዎ፣ ለዚህ ነው።

አሁን ጉሮሮሽን ጥረጊ።

እታለሜ፣ ቅናት ሊገድለኝ ነው። በባዕድ ቢሆን ምን ነበረበት፤ በገዛ ወንድሜ ነው። ትንሹን ሳየው አንጀቴ ያርራል። ጫማውን ሲያስር ሳይቀር ያርራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሜዳው አሰልጣኝ ምንም ነገር ከዓይኑ ስለማያመልጥ ሠራተኛው ሁሉ ቆቅ ነው የሚለው። እሱ ከእኛ ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ረዳት ሊመርጥ እንደሆነ ነገረን። ረዳት ማለት ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ለጀማሪዎች የዱላ አያያዝ ያሳያል፣ ማጨጃ አይገፋም። እኔ ይህን ቦታ ትንሹ እዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት ጀምሬ ስመኘው ኖሬያለሁ። ከሥራ ስወጣ ደንበኞች በጣሏቸው አሮጌ ዱላዎች ብቻዬን ስለማመድ ስንት ጊዜ መሸብኝ።

ካሜራውንም የለመንኩት እኔ ነኝ። ቆቅ አንድ ቀን «ሰው የገዛ ምቱን አያየውም፤ የሚያየው የመታ የመሰለውን ነው» ሲል ሰማሁትና፣ መሳቢያው ውስጥ አቧራ የጠጣችውን ቪዲዮ ካሜራ እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት። እሺ አለ። የማቆሚያዋ አንድ እግር ተሰብሯል፣ ድምፅ ማውጫዋም ሞቷል። ምስሉን ግን በትንሿ መስኮቷ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ያለ ማቆሚያ ስለማትቆም ትንሹን «ያዝልኝ» አልኩት። በገዛ አፌ።

የመጀመሪያ ቀን ራሴን ሳየው ደነገጥኩ። በሐሳቤ ስመታ ሸንቃጣ ነበርኩ። ካሜራው ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን እንጨት ፈላጭ ነው። ዱላውን ወደ ኋላ ሲወስድ ግራ ክርኑ ይታጠፋል፤ ኳሱን ሳይመታ ቀና ብሎ ወዴት እንደሄደ ይፈልጋል፤ ወገቡ ደግሞ በሌለ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ያለ ይመስላል። ትንሹ ሳቁን አፍኖ «ወንድም ጋሼ፣ ክርንህን ብቻ ብታስተካክል ሌላው ደህና ነው» አለኝ። ከዚያ ዱላውን ተቀበለኝና «እስቲ እኔንም አንድ ጊዜ» አለ።

የእናት ሆድ ዝንጉርጉር ነው ይሉ የለ? የመታው እንደ ነገሩ ነበር፤ ኳሷም ሩቅ አልሄደችም። ግን ዱላው ትከሻው ላይ ወጥቶ ለአፍታ ቆመ፣ ወገቡ ቀድሞ ዞረ፣ እጁ ተከተለ። ማንም ሳያስተምረው። እኔ ይህን አንድ ነገር ለማግኘት ዓመታት ሣር ስገለብጥ ከርሜአለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ በኋላ እሱ እኔን ይቀርጻል፣ እኔ እሱን እቀርጻለሁ። ቤት ገብተን ተራ በተራ እናያለን። እሱ ዛሬ ጭንቅላቱ ሲነቃነቅ ካየ ነገ አይነቃነቅም፤ አለቀ። እኔ ግን ክርኔን ሳቀና ጉልበቴን እረሳለሁ፣ ጉልበቴን ሳስታውስ ጭንቅላቴ ቀና ይላል። አጭር ብርድ ልብስ ነው፤ እግር ሲሸፍኑት ራስ ይገለጣል። አንዲት የጥርስ ሐኪም አለች፣ የሜዳው ደንበኛ። ቆማ ሲመታ አየችውና «ማን አስተማረህ?» አለችው። «ወንድሜ» አላት። እታለሜ፣ ያን ከሚል በዱላው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ትዝ ይልሻል? እኔ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ስመጣ እማዬ «ጎበዝ» ትለኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እሱ ጫማውን ራሱ ስላሰረ ግን ጎረቤት እስኪሰማ እልል ትልለት ነበር። «የኔ ማር» እሱ ነው። እኔ ምን እንደነበርኩ ስም አልወጣልኝም። ይህ ሁሉ አልፏል ብዬ ነበር፤ ለካ አላለፈም፤ ካሜራ እስኪመጣ ጠብቆኝ ነው።

ካሜራ የሚይዝ ሰው ምን እንደሚያደርግ ማንም አያይም። ሁሉም የሚያየው የሚመታውን ነው። እኔም ዓይኔን መስኮቷ ላይ ለጥፌ ስቆም ከንፈሬ በራሱ ፈቃድ ሥራ ጀመረ። ትንሹ ዱላውን ሲያነሳ «ይሳተው፣ አምላኬ ይሳተው» እላለሁ። ኳሷ ወደ ዛፎቹ ስትገባ ደግሞ «እሰይ!» እላለሁ። ጮክ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ብቻ፣ በሹክሹክታ። ካሜራዋ ድምፅ ስለማታወጣ ድምፅ የምትሰማ አልመሰለኝም። ዲዳ ናት ብዬ ጆሮዋንም ነሳኋት። ትንሹ የራሱን ምት ሲያይ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ስለሚሰካ፣ ከስልኩ ዘፈን የሚሰማ መስሎኝ «እኔ በጭንቀት ልሞት፣ እሱ ይዘፈንለታል» እያልኩ በዚያም እቀና ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቆቅ ሁለታችንን ወደ ደንበኞቹ ማረፊያ ጠራን። የሜዳው ሥራ አስኪያጅና ያቺ የጥርስ ሐኪም ተቀምጠዋል። «ሜዳ ላይ አይቻችኋለሁ፤ አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዴት እንደተሻሻላችሁ ልይ» አለና ካሜራዋን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኛት። ድምፁንም ከፍ አደረገው፤ ጥሩ ምት በጆሮም ይታወቃል አለ።

የእኔ ቀደመ። መጀመሪያ ከሩቅ የማጨጃ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ፣ እዚያው ጆሯችን ሥር፣ የትንሹ ሹክሹክታ መጣ። «ቀስ… ክርን… አይዞህ ወንድም ጋሼ… በለው!» ይላል። ስስተው «ውይ! ምንም አይደል» ይላል። በሁሉም ምት ላይ እንዲሁ ነው። የጥርስ ሐኪሟ ፈገግ አለች፣ ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ካሜራዋ የእሱን ሹክሹክታ ከያዘች የእኔንስ ምን ልታደርገው ነው? ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል። መሬት ተከፍታ ትውጠኝ ብዬ ብለምንም ምንጣፉ ጠንካራ ነበር።

የእሱ ተራ ደረሰ። ምስሉ መጣ፤ ትንሹ እግሩን ሲያስተካክል ይታያል። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ትንሹ ብድግ ብሎ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ከጠረጴዛው አነሳና ድምፁን ጨርሶ አጠፋው። «የነፋሱ ድምፅ ይረብሻል» አለ። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ወደ እኔ ዞር አላለም። ቆቅ እሱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ወደ ምስሉ ተመለሰ።

ለካ ማዳመጫው የሚሰካው ካሜራዋ ላይ ነው፤ የሚሰማው ዘፈን እኔ ነበርኩ። ማታ ማታ ስረግመው ይሰማል፣ በማግስቱ ካሜራዋን ለእኔው ያቀብላል፤ «ወንድም ጋሼ፣ ያዝልኝ» ይላል።

ቦታው ለእሱ ሆነ። ይገባዋል። ይህን የጻፍኩት ጥርሴን ነክሼ ነው። በምት በለጠኝ፣ ይሁን። በሆድ ስፋት ደግሞ መብለጥን ምን አመጣው? ለእኔ አንድ ነገር እንኳ አይተውልኝም? ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢያንስ በቁጣ እበልጠው ነበር። እሱ እቴ! ነጩን ሸሚዝ እኔ ልብሴን ከምሰቅልበት ሚስማር አጠገብ ሰቅሎ «ወንድም ጋሼ፣ ለአንተም ይሆንሃል፣ ልካችን አንድ ነው» ይለኛል።

ይቅርታ አልጠየቅሁትም። አፌ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል። እሱም አላነሳውም። ትናንት ከሥራ ስንወጣ እንደ ድሮው ካሜራዋን ሰጠኝ። ረዳት ሆኖም ራሱን ማየት አልተወም። ያዝኩለት። ግን አፌን የት ላድርገው? ዝም ብል ያውቃል፣ ባወራ ይሰማል። ዱላውን ሲያነሳ ጨነቀኝና ሳላስበው ባለ በሌለ ድምፄ «በለው!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጦ ኳሷን በጎን ገጫት፤ ሄዳ የማጨጃው ጋራዥ ቆርቆሮ ላይ ጓ! አለች። ተያየን። ከዚያ ሣሩ ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። «ወንድም ጋሼ፣ ስትረግመኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥብኝ ሲል፣ ኳሷን ልፈልግ ብዬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። እዚያ ጥቂት ቆየሁ። ተፈወስክ ወይ ካልሽኝ ግን አልተፈወስኩም። ዛሬ ጠዋት ያን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ አንጀቴ እንደገና አረረ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአባዬ፣ ጉልበቱን በሞቀ ጨርቅ ይያዘው፤ ከወንበሩም ሲነሳ ቀስ ይበል በይልኝ። ለባለቤትሽ፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባው ወይስ አሁንም እየተንቋረረ ነው? ለትልቁ ልጅሽ፣ ታናሹን መምታቱን ቢተው እንደሚሻለው ከገዛ አጎቱ እንደሰማሽ ንገሪው። ለታናሹ ደግሞ፣ ትልቁ ሲያበሳጨው እንዲታገሰው፤ ችግሩ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ትንሹም ሰላም ብሏችኋል። ስጽፍ አይቶኛል፣ ምን እንደምጽፍ ግን አልጠየቀኝም።

ለእማዬ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ጉሮሮሽን ጥረጊ ያልኩሽን ተይው። ትንሹ ድምፄን አንድ ጊዜ አጥፍቶልኛል፤ አንቺ ደግሞ አታጥፊብኝ። የዘለልሽውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ሰምታ ስትጨርስ «የኔ ማር» ማለቷ አይቀርም። ለማን እንዳለችው ግን እባክሽ አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ከማጨጃው ጋራዥ ጎን ካለችው ክፍላችን
እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን