የመኪናዋ ችግር ካለቀ ወዲህ

ለወንድም ጋሼ ረዲ
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል ወንድም ጋሼ? ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት ከበጋ ሲነዘንዝህ የነበረው ወገብህስ ተሻለህ ወይ? የባሕሩን ወበቅ ለመድከው? ጋራዥ አብረውህ የሚሠሩት ሰዎች ደግ ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ እህታችን ሀምዳም ከነልጇ ደህና ናት። የሰመራ ሙቀትም ጤናው እንደተውከው ነው፤ ስለ እሱ አታስብ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ሎጊያ ላይ ሽቶና ሻርፕ የምትሸጠው ዙሌይካ ለዑምራ እየመጣች ስለሆነ በእጇ ልኬልሃለሁ። ዋናው ምክንያት ግን በስልክ ብረቱ እየቀደመኝ መቸገሬ ነው። ገና ሀሎ ከማለቴ ጭስ ማውጫው እንዴት ሆነ ትለኛለህ፤ ስለ ቱቦ ስናወራ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት አያቋርጠኝም። ዛሬ ብትወድም ባትወድም እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ከጅቡቲ በገላፊ በኩል በሣጥን ተበታትና ያስመጣሃት፣ ገጥመህ ሳትጨርሳት ትተሃት የሄድካት መኪና ይኸው መኪና ሆናለች። ከሣጥኑ የወጣው የጭስ ማውጫ ቱቦ ለሌላ ሞተር የተሠራ ስለነበር፣ ከአሮጌ ፒክአፕ አውርደን ለገጠምንላት ሞተር አልሆን ብሎ እንዳስቸገረን ታውቃለህ። ጁምዓ ሰግደህ ስትወጣ እየደወልክ እንዳስተማርከኝ ቆራርጬ በየድኩት፤ ከነዳጁ ታንክም አራቅሁት። ከዚያ እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ድምፅ ማፈኛ ማርሚታውን ከሻንሲው ጋር በብረት ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ሎጊያ ደርሼ ስመለስ ብየዳው ተሰነጠቀ። ወፍራም አድርጌ ደገምኩት፤ አሁንም ተሰነጠቀ። በኋላ ስረዳው ጥፋቱ የብየዳው አልነበረም። ብረት ሲግል ይረዝማል፣ ሞተር ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ደግሞ መፈናፈኛ ነሥቼዋለሁ። መንገድ ዳር ከወዳደቀ የከባድ መኪና ጎማ ጠፍር ቆርጬ ማርሚታውን አንጠለጠልኩት፤ መሀሉ ላይም የሚተጣጠፍ ቁራጭ ቱቦ አስገባሁ። አሁን ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ አይሰነጠቅም። ይህንን የነገርኩህ ቀን የሳቅከው ሳቅ ለሳምንት ስንቅ ሆኖኝ ነበር።

ቀጥሎ የነዳጁ ነገር መጣ። ጋራዥ ውስጥ ከሌላ መኪና የቀዳሁትን ቤንዚን በተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቀስ እያልኩ ስሞላላት ምንም አትል ነበር። ማደያ ስወስዳት ግን ጉድ ፈላ። ነዳጅ ቀጂዋ ንጋትወርቅ ቱቦውን ሰክታ ገና ስትጫነው ቀጥ ይላል፤ ሲብስም ቤንዚኑ ተመልሶ ጫማዋ ላይ ይተፋል። መኪናህ እንደ ጠገበ ሕፃን ያጎረስኳትን ትተፋለች ብላ ሰልፈኛውን ሁሉ አሳቀችብኝ። ማደያዎቹ በጀሪካን አንሸጥም ስለሚሉ፣ መኪናዋ በራሷ አፍ ካልጠጣች እማዬ ዘንድ አዋሽ መድረስ የማይታሰብ ነው። የመሙያውን አንገት ከፍ አድርገው አልከኝ፤ አደረግሁት፤ መትፋቷን አልተወችም። አንድ ቀን ውሃ ስቀዳ፣ ከጀሪካኑ የሚወጣው አየር እየተንቦቀቦቀ ውሃውን ሲመልሰው አየሁ። ለካ የእኛም ታንክ ነዳጁ ሲገባ አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም! ከታንኩ አናት ቀጭን የጎማ ቱቦ አውጥቼ ወደ መሙያው አፍ ወሰድኩት። ንጋትወርቅ እግሯን አርቃ፣ ፊቷን አዙራ ሞላችው። መኪናዋ አንድ ጠብታ አልተፋችም።

እዚያው ቆሜ ደወልኩልህ። ጎበዝ፣ በቃ ተገላገልን አልክና ሥራ ላይ ነኝ ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ስልኬ ዝም ነው። እኔ ስደውል ምን ተበላሸ ትለኛለህ። ምንም ስልህ፣ እንግዲያ በርታ ብለህ ትሰናበተኛለህ።

መኪናዋን ለእማዬ ላሳያት ወደ አዋሽ ስሄድ፣ ገዋኔን አለፍ ብዬ ሞተሩ እስኪበርድ ከግራር ሥር ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ አፋር ግመሎቹን አቁሞ ወደ እኔ መጣ። የዳጉን ሥርዓት ታውቀዋለህ፤ መንገደኛና መንገደኛ ወሬ ሳይጠያየቁ አይተላለፉም፣ የሰማኸውን ሳትሰጥ የሰማውን አትወስድም። ስለ ግጦሹ፣ ስለ ዝናቡ፣ መንገድ ላይ ስለተገለበጠው የጭነት መኪና ነገረኝ። ተራው የእኔ ሲሆን ስለ ማርሚታውና ስለ ቀጭኗ ቱቦ አወራሁለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ ይሄ የብረት ወሬ ነው፣ የሰውየው ወሬ የታለ አለኝ።

ልነግረው ስል እንባዬ ቀደመኝ። ሽማግሌው አልታዘበኝም። ትከሻዬን ይዞ፣ ለእኔ መንገር ካቃተህ ለወገንህ ንገር ብሎ ግመሎቹን ተከትሎ ሄደ።

አዋሽ ደርሼ እማዬን እስከ ባቡር ጣቢያው ወሰድኳት፣ መለስኳት። ይሄን ረዲ ነው የገጠመው እያለች ወንበሩን ስትዳስሰው ነበር። ስትወርድ ግን ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ ምነው ከሳህ አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

ሙቀቱ አይደለም ወንድም ጋሼ። ብቻዬን ነኝ። ባዶ እንዳይመስለኝ አልጋህ ላይ መፍቻና መዶሻ ከምሬበታለሁ። ፓስታ ስቀቅል እጄ ለሁለት ሰው ይለካል። ሰፈሩ ብየዳው ይለኛል እንጂ አብራር ብሎ የሚጠራኝ የለም። ባለፈው ጁምዓ መኪናዋ ሥር ገብቼ ነበር። ያቺን ቀጭን ቱቦ ነቅዬ፣ ነዳጅ መትፋት ጀመረች ብዬ ልደውልልህ ነበር። እጄ ማሰሪያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ወላሂ፣ በውሸት ብልሽት ድምፅህን ከምሰርቅ እውነቱን ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ነው።

እማዬ፣ አላህ ከክፉ ሰው ከክፉ ነገር ይሰውርህ፣ በሰላም ያግባህ ብላ መርቃሃለች። ሀምዳና ባለቤቷ አብዱልበሲጥ በጣም ሰላም ይሉሃል። ልጃቸው ሂያም ረዲ ማለት ስልክ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ እሷንም ሳምኩልህ። ንጋትወርቅ ሰላም በልልኝ፣ የጫማዬንም ነገር አስታውሰው ብላለች። አብረውህ የሚኖሩትን ልጆች ስማቸውን ስላልነገርከኝ ሁሉንም በጅምላ ሰላም በልልኝ።

መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እንዲሁ ደውልልኝ።

ወንድምህ አብራር
ሰመራ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.