በእጅዎ ስለሚገኘው አሮጌ ካሜራዬ መልካም ጎንና ጉድለት

ለክቡር የምስል መሣሪያዎች ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የላኩልኝን ቅጽ ሞልቼ ስለመመለስ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ፣ ወገብዎን ከወንበርዎ ድርቀት፣ ዓይንዎንም ከማይመለከተው ነገር አላህ እንዲጠብቅልዎ እየለመንኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። ናጅያ እባላለሁ፤ በሊቢያዋ ዝሊትን ከተማና በአካባቢዋ የሴቶች ሰርግ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። የክፍልዎ ሰዎች ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በባሕር ዳሩ መንገድ ኬላ ላይ ካሜራዬን ወስደው ትከሻዬን ስላሳረፉልኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። መልሴን በጋዜጣ ያወጣሁት ንቄዎ አይደለም። ሦስት ጊዜ እስከ ቢሮዎ በር መጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳላንኳኳ ስለተመለስኩ ነው።

ቅጹ «የመሣሪያውን መልካም ጎንና ጉድለት በዝርዝር ይግለጹ» ስለሚል፣ እንደ ታዘዝኩት እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ክብደቱ። ካሜራው ከነሌንሱ ሦስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የኬላው ወታደር ከቦርሳዬ ሲያወጣው ጓደኛውን ጠርቶ «ና እስቲ እየው! ይሄ ካሜራ ነው ወይስ መድፍ?» ያለው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናውን የሚነዳው ወንድሜ ፈረጅም «መድፍ ቢሆንማ ሰላምታ ሰጥታችሁ ታሳልፉን ነበር» ብሎ መመለሱ ጉዳያችንን እንዳላቀለለው እረዳለሁ፤ ስለ ምላሱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በሰጡን ደረሰኝ ላይ «አንድ ትልቅ ጥቁር አጠራጣሪ ካሜራ» ተብሎ ተጽፏል። ትልቅነቱንና ጥቁርነቱን አልክድም።

ሁለተኛ፣ ዕድሜው። አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ባለሙሉ ፍሬም ነው፤ ብርሃን የሚቀበልበት ገጹ እንደ ድሮው ፊልም ሰፊ ስለሆነ በጠባብ ክፍል ውስጥ አርባ ሴት ከነከበሮዋ ያስገባል፣ የፊትን ቀለምም እንደ እሱ የሚያወጣ አላየሁም። ጨለም ሲል ግን ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ቪዲዮ አይቀርጽም። ከስልክ ጋር አይነጋገርም፣ በአየር የሚልከው ነገር የለም። የሙያ ባልደረቦቼ «ናጅያ፣ ይሄን ብረት ለሙዚየም ስጪና እንደ ሰው ሥሪ» እያሉ ይስቁብኛል። የሙሽራ እናቶች ግን የሚጠሩኝ ለዚሁ ጉድለቱ ሲሉ ነው። በሴቶቹ አዳራሽ በር ላይ የሁሉም ስልክ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከላይ የተደረበው ዓባያ ወልቆ፣ ፀጉር ተፈትቶ የሚጨፈረው። ሲያበቃ ፎቶዎቹ ያሉበትን ካርድ አውጥቼ በሙሽራዋ እናት መዳፍ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሌላ ቅጂ እንደሌለም እምላለሁ። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ አንዲት ፎቶ ከእጄ አምልጣ አታውቅም።

ሦስተኛ፣ ባትሪው። አርጅቷል፤ ማንም ሳይነካው ይሞታል። እስከ ዛሬ ድረስ ሞቶ እንደሚሆን ጥርጥር የለኝም፤ ቻርጀሩ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። ይህን ጉድለት ስረግመው ኖሬ፣ በዚህ ሳምንት በሶላቴ መጨረሻ ላይ አመስግኜበታለሁ።

አራተኛውን ደጋግሜ እየሰረዝኩ ስለጻፍኩት የተሳሳተ ፊደል ካለ የጋዜጣው ሰዎች ያቃኑልኝ። ካሜራው ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው። አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ተብሎ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ ይጽፋል፤ ለጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ታስቦ የተሠራ መልካም ጎን ነው። እኔ ሰርግ ስሄድ ሁለተኛውን ማስገቢያ ባዶ አደርገዋለሁ። ካሜራው ከመወሰዱ በፊት ከሠራሁት የመጨረሻ ሰርግ አንድ ቀን አስቀድሞ ግን ለአንድ የመቅሩድ መሸጫ የቴምር ጣፋጮቹን ፎቶ ሳነሳ ሁለተኛ ካርድ ከትቼበት ነበር፤ ረሳሁት። ሐሙስ ዕለት ሰርጉ ሲያበቃ አንደኛውን ካርድ ለሙሽራዋ እናት ለሐጃ መብሩካ ሰጥቼ «ወላሂ ሌላ የለም» ብዬ ማልኩ። በማግስቱ ካሜራውን ወሰዳችሁት። ቤቴ ገብቼ የካርድ ሳጥኔን ብከፍት አንድ ጎደለ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። ፈረጅ ፊቴን አይቶ «ምነው፣ ጂን አየሽ እንዴ?» አለኝ። ጂን ባይ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ በመሳቢያዎ ውስጥ የዚያ ሰርግ አራት መቶ ፎቶ ተቀምጧል። ሙሽራዋ ከተዳረች ሁለት ሳምንት አልሞላትም። ከእነዚያ አንዲቱ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብትታይ ልጅቱ በማግስቱ ወደ አባቷ ቤት እንደምትመለስ እኔም እርስዎም እናውቃለን፤ ወንድሞቿ ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ ማሰብ እፈራለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እፈራለሁ። ገበያ መሐል ወጣቶች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲስቁ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

አምስተኛ፣ ካርዱ የድሮ ዓይነት ነው፤ ወፍራም፣ እንደ ብስኩት አራት ማዕዘን። ዛሬ በሚሸጡት ኮምፒዩተሮች ላይ የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ የራሱን ማንበቢያ ይፈልጋል። ይህንንም የነገረኝ የክፍልዎ ሠራተኛ ነው፤ እሑድ ዕለት ደውሎ «እህቴ፣ ምርመራው አልቆ ነበር እኮ! ያቺን የካርድ ማንበቢያና ቻርጀሩን ብቻ በሚቀጥለው እሑድ ይዘሽልን ነይ። የቢሮው ልጆች ምን እንዳለበት ለማየት ቸኩለዋል» አለኝ። ለልጆቹ ትጋት ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ግድግዳ ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ክቡርነትዎ ዘንድ ያለው ወረቀት ብቻ እንደሆነ ለማመን እየታገልኩ ነው።

ትናንት ፍርሃቱ ሲያንቀኝ ሐጃ መብሩካ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። የያዙት የሻይ ብርጭቆ አምልጧቸው ተሰበረ።

«ምለሽልኝ አልነበር?» አሉኝ።

«ምዬልዎ ነበር፣ ሐጃ። ረስቼው እንጂ አውቄ አይደለም።»

ጎንበስ ብለው ስባሪውን ለቀሙ። ኋላ «ውሸታም ብትሆኚ ዝም ትዪኝ ነበር» አሉ። «በይ ዓይንሽን ጥረጊ። ያቺን ማንበቢያ ከሰጠሻቸው ግን ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይሽ።»

«ቢያስሩኝስ?»

«ቢያስሩሽ ምሳሽን እኔ አመላልሳለሁ። ስሜንም በደብዳቤሽ ላይ ጻፊው፤ ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው።»

ስለዚህ እሑድ በሥራ መግቢያ ሰዓት እኔና ሐጃ መብሩካ እንደምንመጣ በትሕትና አሳውቃለሁ። የካርድ ማንበቢያው አብሮን አይመጣም፤ በሐጃ የነሐስ ሙቀጫ ትናንትናውኑ ወቅጠነዋል። ሙቀጫውን ግን እናመጣዋለን። ካርዱን ከማስገቢያው አውጥተን በፊትዎ እንድንወቅጠው እንዲፈቅዱልን እንለምናለን። ካሜራውን ከፈለጉት ያስቀሩት፤ እንጀራዬ ነው፣ ሌላ የምገዛበት አቅምም የለኝም፣ ቢሆንም ያስቀሩት።

መሳቢያዎን ከሌባ፣ ልጆቹን ከችኮላ አላህ እንዲጠብቅልዎ ሌት ተቀን የምትለምን፣ እንቅልፍ ያጣች ታዛዥዎና አክባሪዎ፣

ናጅያ
የሴቶች ሰርግ ፎቶግራፍ አንሺ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ሐጃ መብሩካ ሰርጉ ላይ የተገኙትን ሴቶች ስም ከዝርዝራቸው አነበቡልኝ። የማንንም ቤት አላነሳም፤ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ክቡርነትዎ ግን ልጆቹን ወደ ኮምፒዩተሩ ከመጥራትዎ በፊት፣ በዚያ የሰርጉ ሐሙስ ማታ ከቤትዎ ሴቶች መካከል ራት ያቀረበችልዎ እንደነበረች ወይም እንዳልነበረች ቢያስታውሱ መልካም ነው። እኔ አሁንም እፈራለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን የምፈራው ብቻዬን አይመስለኝም።