ደጅ አልፈው የማያውቁት የተራራ መሪ፣ የአቶ ደምመላሽ ገብረአምላክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምመላሽ ገብረአምላክ ከአባታቸው ከአቶ ገብረአምላክ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቄ በዳዳ በ1911 ዓ.ም. በጉራጌ አገር፣ በሶዶ፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተወለዱ። ፊደል ከመንደሩ ቄስ ዘንድ ቆጠሩ፤ ዳዊት ሳይደግሙ ግን በ1923 ዓ.ም. አጎታቸውን ተከትለው ሦስት ቀን በእግር ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ። አራዳ ገበያ ጨውና በርበሬ ሸጡ። በጠላት ዘመን በአንድ ጣሊያን ወጥ ቤት ሳሕን አጠቡ፤ ጣሊያንኛውንም እዚያው ለመዱት። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ አንድ ሆቴል ባንኮኒ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት አገለገሉ።

በ1940 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እፀገነትንና እምሩን ወልደዋል።

የሕይወታቸው ሥራ የተጀመረው በዚያ ባንኮኒ ላይ ነው። የውጭ አገር መምህራንና ሐኪሞች እየመጡ «ተራራ የት አለ?» ይሏቸው ነበር። አቶ ደምመላሽ በ1945 ዓ.ም. እሑድ እሑድ ሰዎችን ወደ እንጦጦና ወደ ወጨጫ መምራት ጀመሩ። በ1952 ዓ.ም. ሆቴሉን ለቀው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩና «ደምመላሽ የተራራ ጉዞ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ሸሪካቸው የቡታጅራው ተወላጅ አቶ ሽኩር ነበሩ። አቶ ሽኩር በቅሎዎቹን ይይዛሉ፤ ለእስላም መንገደኞችም ማደሪያና ምግብ ያዘጋጃሉ።

ሰዉ መጀመሪያ ሳቀባቸው። የሰፈሩ ዱርዬ ሰሌዳውን እያነበበ «እግር ይዞ መጥቶ እግር የሚከራይ ሰው አየን!» ይል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ፈረንጆቹ ብቻ ሳይሆኑ የየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎችም ዓመት ፈቃዳቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። አቶ ደምመላሽ ጉዞ እንደ ሸቀጥ አይሸጡም፤ ለሰውየው የሚስማማውን ይመርጡለታል እንጂ። የገባውን ሁሉ አስቀምጠው ሦስት ነገር ይጠይቁታል፦ እግርዎ ስንት ሰዓት ይችላል? የማይበሉት ምንድን ነው? የሚጾሙትስ መቼ ነው? ጉልበቱ የደከመውን በበቅሎ ወደ ወንጪ፣ ከሐይቁና ከደሴቱ ገዳም፣ ከማሩም ጋር ያገናኙታል። ብርድ የማይፈራውን ወደ መንዝ ይወስዱታል፤ የገብስ ጠላና በሶ ያስቀምሱታል። የንግሥ በዓል ማየት የፈለገውን ዝቋላ ያወጡታል፤ «ነገር ግን በዓሉ በዐቢይ ጾም ነው፤ ሥጋ ብለህ እንዳታሳፍረኝ» ብለው ያስጠነቅቁታል። «ተራራውን እግር ያየዋል፤ አገሩን የሚያየው ግን አፍ ነው» ማለት ያዘወትሩ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ያልበላ መንገደኛ በእሳቸው ዘንድ የትም እንዳልሄደ ይቆጠር ነበር።

ይህ እምነታቸው የሥራቸው መልካምነት ነበረ። ጥፋታቸውም ከዚሁ መጣ።

በ1958 ዓ.ም. ለመስቀል በዓል ስድስት ሰዎች ይዘው ወደ ዘቢዳር ወጡ። ከስድስቱ አንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ የነበረው የሃያ ስድስት ዓመቱ ወጣት ካሣሁን ነው። ከሥላሴ ጀርባ ከሚኖሩት ከእናቱ ከወይዘሮ ሙሉነሽ ጋር ይኖር ነበር፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ወይዘሮ ሙሉነሽ አስቀድመው ወደ ቢሮው መጥተው «ልጄ ከደረጃ በላይ ወጥቶ አያውቅም» ሲሉ አቶ ደምመላሽ «እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ፤ በደህና አመጣዋለሁ» ብለው መለሱላቸው። ጉዞውንም የመረጡለት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

መስከረም 17 ቀን የታሰበው በአንድ ቤት፣ በአገር ቤት ባሉት አጎታቸው ቤት ብቻ ክትፎ በቆጮ ተበልቶ፣ በስድስት ሰዓት ተነሥቶ፣ የተራራውን ጀርባ ተሻግሮ ሳይመሽ በማዶ የሚጠብቀው መኪና ዘንድ መድረስ ነበር። ነገር ግን በሶዶ በመስቀል ቀን ደጅ አይታለፍም። ከአጎታቸው ቤት ሲወጡ ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የእሱ ሲያበቃ የክርስትና አባታቸው ልጅ። ከዚያም ሌላ። በየቤቱ ይቆረሳል፣ ይበላል፣ ሽማግሌው እስኪመርቅም ይጠበቃል። በሦስተኛው ቤት ካሣሁን ቀበቶውን እያላላ «ጋሼ ደምመላሽ፣ ስወጣ በእግሬ ነበር፤ ስወርድ ግን እንደ በርሜል ነው የምንከባለለው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ከሁሉም በላይ የሳቁት አቶ ደምመላሽ ነበሩ።

አቶ ሽኩር የክርስቲያን ዕርድ ስለማይበሉ ውጭ ከበቅሎዎቹ ጋር ነበሩ። ስለዚህም ጉሙን ያዩት እሳቸው ናቸው። ወደ አራተኛው ቤት ሊገባ ሲል የወዳጃቸውን ክንድ ያዙ።

«ደምመላሽ፣ ጉም እየወረደ ነው። በቃን በላቸው።»

«የአባቴን አገር ሰው ደጁ ላይ በቃኝ ልበለው? ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ነገ ትመጣና ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። ጉሙ ግን ይቅርታ አያውቅም።»

አቶ ደምመላሽ ገቡ። የተነሡት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በተራራው ጀርባ ላይ አንዱ የሌላውን ጀርባ ማየት ተሳነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ካሣሁን እጁን አላቀቀ፤ ጫማውን ለማሰር ነበር። ከዚያ በኋላ የተሰማው የድንጋይ ድምፅ ብቻ ነው። አስከሬኑ የተገኘው በማግስቱ ጧት በገደሉ ሥር ሲሆን፣ አቶ ደምመላሽ ለማንም ሳይሰጡ እስከ መኪናው በጀርባቸው አወረዱት።

ፖሊስ ጉም ብሎ ጻፈ። ሰዉም ቀኑ ደርሶ ነው አለ። አቶ ደምመላሽ ለቅሶው ቤት ገብተው «እኔ ነኝ» ሊሉ ሲነሡ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ያዟቸው። «ዝም በል! እናትየዋን ሁለተኛ ልትገድላት ነው?» አሏቸው። ዝም አሉ። ዝምታው ሰባት ዓመት ቆየ።

ቢሮው ወዲያው አልተዘጋም። ሰው ሲመጣ ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቁና «ለእርስዎ የሚሆን ተራራ የለኝም» እያሉ ይመልሱት ነበር። ሰሌዳው በ1960 ዓ.ም. ወረደ። ከዚያ በኋላ በአንድ ዘመዳቸው የብረታ ብረት ሱቅ ዕቃ ጠባቂ ሆነው ሠሩ። በቤታቸው ለመስቀል ክትፎ አልተከተፈም፤ መስከረም 17ን እሳቸው እህል ሳይቀምሱ ይውሉ ነበር። ወይዘሮ ሙሉእመቤት በዓሉን ከልጆቻቸው ጋር ወንድማቸው ቤት ለማሳለፍ ተገደዱ። ይህም የደግ ሰው ሐዘን ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ለቤተሰቡ ከባድ ዓመታት ነበሩ።

ባለፈው ጥቅምት በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ልጃቸውን እፀገነትን ጠርተው «የካሣሁንን ነገር በቀብሬ ላይ በሚነበበው ጽሑፍ ውስጥ አግቢው። ጉም አትበይ። አራት ቤት በይ፤ ሽኩር እንደነገረኝም በይ» ብለው አደራ ሰጡ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ይህ ክፍል እንዲወጣ ጠይቀው ነበር። ወይዘሮ ሙሉእመቤት «የእሱ አፍ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ አሁንም አትሰሩት» ብለው እንዲቀር አደረጉ።

አቶ ደምመላሽ ገብረአምላክ ረቡዕ ጥር 23 ቀን 1965 ዓ.ም. ጧት በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ።

እናት እንዲህ ያለውን ነገር በቀብር ሜዳ፣ ሰው መሐል ቆማ መስማት የለባትም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ትናንት ከሰዓት በኋላ እፀገነት ለወይዘሮ ሙሉነሽ በቤታቸው አንብባላቸዋለች። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያም «ሰባት ዓመት ሙሉ ጉሙን ስረግም ኖርኩ» አሉ። ቀጥለውም «ልጄ የቀለደበትን ቦታ እንደገና አንብቢልኝ» አሉ፤ የበርሜሉ ቃል ተነበበላቸው። ይቅር ብያለሁ አላሉም። እንዲሉም አልተጠየቁም። «ይነበብ። እኔም እመጣለሁ» ብቻ ነው ያሉት። እነሆ መጥተዋል፤ ከወይዘሮ ሙሉእመቤት አጠገብ ተቀምጠዋል።

አቶ ደምመላሽ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉእመቤትን፣ ልጆቻቸውን እፀገነትንና እምሩን፣ ወዳጃቸውን አቶ ሽኩርን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ቀድሞ የሄደውን ካሣሁንን እና ዘግይተው የተከተሉትን አቶ ደምመላሽን ከማይመሽበት ቤት ያስገባልን።