የፌንጣ የውሃ ሰው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22

የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። ከሃያ አሥራ አንድ። ድሮ ቢሆን እማዬ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ዛሬ ወረቀቱን አየችና "ጥሩ ነው" አለች። ጥሩ አይደለም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሰዓት ላጲስ ፍለጋ የታናሽ ወንድሜን መሳቢያ ከፈትኩ። ከሞተ አምስት ሳምንት ሆነው። ፌንጣ ያልነው አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ ነው። አሁን ግን… ተወው።

ከሳይንስ ደብተሩ ውስጥ ያ ወረቀት ወደቀ። ለቅዳሜው ጨዋታ ሲሠራው የነበረ ገፀ ባሕርይ። ዘር፦ የውሃ ሰው። በጣቶቹ መሃል ቆዳ፣ አንገቱ ላይ እንደ ዓሣ ስንጥቅ። በእርሳስ ስሎታል፤ ጆሮ ረስቶለታል። ጥንካሬ አራት፣ ፍጥነት ሰባት፣ ብልሃት አምስት፣ ጽናት አራት። ያልተሞላው አንድ መስመር ብቻ ነው። ትንፋሽ።

ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26

ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ከኋላ ባለችው ክፍል፣ በወረቀት ካርቶኖች መሃል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ። የሱቁ ባለቤት ተረቱን ታወራለች፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ሰው ይዘው፣ ቁጥር ያለበትን ዳይስ እየጣሉ ይገቡበታል። እሷን ሁሉም ዳኛዋ ነው የሚላት። ልብስ ሰፊውም ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ቁመቱ በሩን ያክላል፣ ሲጫወት ግን ድንክ ጦረኛ ነው።

"የፌንጣን ሰው ልጨርስለት ብዬ ነው" አልኩ።

ዳኛዋ አየችኝ። "ጨርስለት። ወንበሩም ያንተ ነው።"

"ዋና ትችላለህ?" አለ ልብስ ሰፊው። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። "ይቅር በለኝ የኔ ልጅ። ምላሴ መርፌ ነው፣ ሳላየው ይወጋል።"

የዚህ ጠረጴዛ አንድ ደንብ አለ። ወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱ ከገዛ ገላህ ተለክቶ መምጣት አለበት። ልብስ ሰፊው ጆንያ ተሸክሞ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ መንገድ ላይ አስቆጥሯል። የፌንጣ ጓደኛ ሽቦ ዘሎ በሜትር ተለክቷል። "አለበለዚያ ሁሉም ራሱን አንበሳ ያደርጋል" ትላለች ዳኛዋ።

የሽቦ ወንበር ባዶ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ምን ብዬ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 28

እማዬና የሽቦ እናት ሱቅ በር ላይ ተገጣጠሙ። የሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው።

"እንደምን ዋልሽ እቱ" አለች የሽቦ እናት።

"ልጄን ወደ ውሃ የመራው ልጅሽ እንደምን ዋለ?"

እና መንገድ ተሻገረች። እኔ ከኋላዋ ዘንቢል ይዤ ተከተልኳት።

ያን ቀን "ከማን ጋር ነው የሄደው?" እማዬ ስትለኝ "ከሽቦ ጋር መሰለኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። መሰለኝ። አንዲት ቃል። ያቺን ቃል ለመመለስ ስንት ቃል ይፈጃል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 30

ነጥብ ሳደለድል ዋልኩ። ከትንፋሽ ውጪ ያለህ ሃያ ነው፤ አንዱ ላይ ከጨመርክ ከሌላው ትቀንሳለህ። እኔ ሁሉንም ጽናት ላይ መከመር ፈለግኩ። ምንም እንዳይገድለው። ላጲሱን ይዤ ፍጥነቱን አጠፋሁ… የሱን ሰባት! የሱ እጅ ነበር። እግሯን ትንሽ ጠምዘዝ የሚያደርጋት ሰባት። ምን ነካኝ? ብርሃን ላይ አድርጌ ብፈልጋት የለችም።

ይህን ደብተር ማንም አያነበውም። ልጻፈው።

ተደብቆ አልሄደም። ከሽቦ ጋርም አልሄደም። ወደ ድሮው የድንጋይ ማውጫ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ክረምቱ ሞልቶት ነበር። "የኔ ቁጥር ትንፋሽ ነው፣ አንተ ቁጠርልኝ" አለ። ዳሩ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቆጠርኩ። ስልሳ። ዘጠና። መቶ ላይ ሳቅኩ፤ "ይሄ ልጅ ጉድ ነው" ብዬ። መቶ ሃያ ላይ ኮራሁበት። መቶ አርባ ሁለት ላይ ነው የገባኝ።

ከዚያ ዘለልኩ። ከዚያ ሮጥኩ። ለሰዉ "ስፈልገው አገኘሁት" አልኩ። እማዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አንተ ባትኖር ሬሳውንም አላገኘው ነበር" አለች። አመሰገነችኝ!

ወረቀቱ ላይ ሞላሁት። ትንፋሽ፦ 142።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

ዳኛዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ፈገግ አለች።

"ይሄማ ስህተት ነው። ለውሃ ሰው ትንፋሽ አይሞላም። ውሃ ውስጥ ነው'ኮ የሚተነፍሰው።"

"ዓሣን ዋና ፈተንከው?" አለ ልብስ ሰፊው።

"የት ነው እንደዚያ የሚለው?" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

የሕጉን መጽሐፍ አመጣች። ፌንጣ ጋ የነበረውን ቅጂ አውቀዋለሁ፣ ያው ገጽ ነው። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ አንድ መስመር፦ "የውሃ ሰዎች የትንፋሽን መስመር ባዶ ይተዉ።"

የፌንጣ ቅጂ ጀርባ የለውም። ነጭ ነው።

አያስፈልግም ነበር። ቁጥሩ አያስፈልግም ነበር።

ዳኛዋ ወረቀቱን እንደገና አየች። ቀስ ብላ "መቶ አርባ ሁለት… ከየት መጣ?" አለች። ወረቀቱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። "አንተ… ውሃ ውስጥ ለካችሁት እንዴ?"

ወጥቼ ሮጥኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 4

ባዶ ይተዉ። ባዶ ይተዉ። ባዶ ይተዉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ሽቦ ትምህርት ቤት በር ላይ ያዘኝ። ቀጥኖ ቀጥኖ የእውነት ሽቦ ሆኗል።

"ቅዳሜ ልሄድ ነው" አለ።

"የት?"

"አጎቴ ጋ። ትምህርቱንም እዚያው። እናቴ የሰፈሩን ዓይን አልቻለችም።"

"ትመለሳለህ?"

"ምን ልሠራ? ያን ቀን አተኩሶኝ ቤት ተኝቼ ነበር፤ ብዬ ብዬ አፌ ደረቀ። የሚሰማኝ የለም።" ቦርሳውን ከትከሻ ትከሻ አዛወረ። "አንተ ግን ታምነኛለህ አይደል?"

"አምንሃለሁ" አልኩት።

ጨበጠኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ደግሞ ዳኛዋ። ሱቋን ዘግታ መጥታ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አባብጧል።

"ነገ እናትህ ጋ እመጣለሁ። ለፌንጣ ገጹን ጀርባውን ሳላባዛ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰው ተሰልፎ ነበር፣ 'ቶሎ በይ' እያሉኝ… አንዴ ብገለብጠው ኖሮ! ጥፋቱ የኔ ነው እላታለሁ።"

"አይሆንም።"

"እንዴት አይሆንም? አልተኛሁም'ኮ።"

ሽቦ አንድ። እሷ ሁለት። የኔን ሸክም ለመሸከም ሰው ሊሰለፍ ነው።

"እኔ እነግራታለሁ። ነገን ብቻ ስጪኝ።"

ቤት ገባሁ። እማዬ እራት አቀረበች። አፌን ከፈትኩ… "ጨው አንሶታል" አልኩ። ጨው! አላነሰውም ደግሞ።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ነገርኳት።

እማዬ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ የተረፋትን ቤት አምጥታ ትተኩሳለች። አንሶላ እየተኮሰች ነበር። "እማዬ፣ ሽቦ አይደለም። እኔ ነኝ" አልኩ። ካውያውን እንደያዘች ቀረች። ጨዋታውን፣ ወረቀቱን፣ ቆጠራውን፣ ያልተባዛውን ጀርባ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አንሶላው መቃጠል ሸተተ። ያኔ ነው ካውያውን የነቀለችው።

"ስንት?"

"መቶ አርባ ሁለት።"

"ቁጠርልኝ።"

"እማዬ…"

"ቁጠርልኝ አልኩህ። ለሱ እንደቆጠርክለት አድርገህ።"

ቆጠርኩ። አርባ ላይ ተቀመጠች። ሰባ ላይ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። መቶ ላይ "እዚህ ጋ ነው የሳቅከው?" አለች። አዎ። "ቀጥል።" መጨረሻውን በከንፈሬ ብቻ ጨረስኩት።

"ይሄን ያህል ረጅም ነው?" አለች። እኔን የጠየቀችኝ አይመስለኝም።

በነጠላ ጫማ ወጣች። በመስኮት አየኋት። የሽቦዎች በር ጋ ደርሳ ሳታንኳኳ ቆመች፣ ብዙ ቆመች። የሽቦ እናት ራሷ ከፈተችው። እማዬ አጎነበሰች። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ሽቦ ቅዳሜ አልሄደም። በእረፍት ሰዓት ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ አጮለኝ። "ታምነኛለህ ስልህ! እጄን ጨብጠህ!" ሁለተኛውን ሊደግም እጁን አንሥቶ ተወው። ምነው ባይተወው።

አባባ ደወለ። ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፣ ሩቅ ነው። እማዬ ነግራዋለች። ከበስተኋላው የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። "እናትህን ብቻዋን እንዳትተዋት" አለና ዘጋው። እኔን ማየት ትፈልግ እንደሆነ ግን ማን ጠየቃት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

ስምንት ቀን። ከእማዬ አፍ የሚወጣው "ብላ" እና "በሩን ዝጋ" ብቻ ነው። ዛሬ ስወጣ ግን ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፦

"ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ካልክ አሥራ አንድ ነው።"

ፎቶ ኮፒ ቤት የገባሁት ከበሩ ሁለቴ ተመልሼ ነው። ሽቦም መጥቷል። ወንበሩ ላይ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ዳኛዋ ለሁላችንም አዲስ ቅጂ አደለች፤ እየገለበጥን አየን፣ ጀርባ አለው።

ሰባቱን መልሼ ጽፌያታለሁ። እግሯ የሱን አልመሰለም። ይሁን። ትንፋሽ ላይ ቁጥሩን በላጲስ አልነካሁትም፤ በላዩ ሰረዝ አሰመርኩ። ጽናት አራት፣ እሱ እንዳለው። የሚሞት ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። ጫካ ውስጥ መሽቶብናል፣ እሳት አንድደናል።

"ሌሊቱን ማን ይጠብቃል?" አለች ዳኛዋ።

"የውሃው ሰው ይጠብቅ" አለ ልብስ ሰፊው። "ዓሣ እንደሁ ሲተኛም ዓይኑን አይከድንም።"

ሽቦ ዳይሱን መዳፉ ውስጥ ሲያሻሸው ይሰማል።

"እሱ ብቻውን አይጠብቅም" አለ።

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ወረቀቴን መሰብሰብ ጀመርኩ።

"እኔም አልተኛም" አለ ሽቦ፣ አሁንም ሳያየኝ። "አብሬው እነቃለሁ።"

ዳኛዋ ሁለታችንንም ጠባቂ ብላ ጻፈችን።