ቀበቶ ለማሰር ያልቸኮሉት መምህር እንዳላማው ወልደ ሚካኤል

መምህር እንዳላማው ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሚካኤል ይታያልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ምስጋናው ኅዳር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው አመተ ማርያም ነኝ።

ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዲማ ሄደው ቅኔ ተማሩ። ዘመናዊ ትምህርታቸውን በደብረ ማርቆስ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታተሉ። የአባታቸውን ወንበር ይወርሳሉ ሲባል በ1989 ዓ.ም. ባሕር ዳር ወርደው ቴኳንዶ ጀመሩ። አባታችን ይህን ሲሰሙ ሁለት ወር አላነጋገሯቸውም።

በ1995 ዓ.ም. ወይዘሮ የውብዳር አለነን በተክሊል አግብተው ሶልያናንና ታዲዮስን ወለዱ። በ1997 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ የቴኳንዶ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ከዲማ ያመጡት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። በቅኔ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን እንደሚያስጠና ሁሉ፣ በእርሳቸውም ዘንድ አንድ ሠልጣኝ የሚያስጠናው ልጅ ካላለፈ እርሱም ወደሚቀጥለው ቀበቶ አያልፍም። በዚህ ያልተማረረ ወላጅ የለም። ሌላ ቦታ ልጆች በዓመት ሦስት ቀበቶ ሲቀያይሩ፣ የእኛዎቹ ቢጫውን እስኪነጣ ይታጠቁታል።

ልጄ ትሕትና በዘጠኝ ዓመቷ ስትገባ አንገቷ ይሰበራል፣ ጥርሷ ይረግፋል፣ ስትመለስ ባጃጅ ይገጫታል ብዬ በየቀኑ በር ላይ እቆም ነበር። አንዱም አልደረሰም። ወንድሜ የሚያስለውን ልጅ ወደ ቤቱ ይመልሳሉ፤ ሁለት ቀን የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፤ መንገድ ላይ የተደባደበ ለአንድ ወር አዳራሽ ይጠርጋል። ይህን አልክድም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ትሕትና ለጥቁር ቀበቶ ከደረሰች ሁለት ዓመት ሞላት፤ እርሷ የምታስጠናት ልጅ እየሩስ ግን ፈሪ ናት፤ ሰው ሲያያት የተማረችው ይጠፋታል።

ባለፈው ጥር ጉበታቸው መታመሙ ሲታወቅ እንደማይድኑ ገባኝ። እኔ መቼም ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ፤ በዚህ ግን አልተሳሳትኩም። ሆስፒታል ሄጄ፣ ልጄን አሳልፋት፣ ከአንተ በኋላ ቀበቶውን ማን ይሰጣታል ብዬ ለመንኳቸው።

«እቴ፣ መቻሏንማ አውቃለሁ፤ ማስተማር መቻሏን የምትነግረኝ ግን እየሩስ ናት» አሉኝ።

ግንቦት 6 ቀን እየሩስ በሆስፒታሉ ግቢ ተፈተነች። ወንድሜ ጋቢ ተከናንበው ወንበር ላይ ሆነው አዩ። እርግጫውን አሳምራ መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጠፋባት። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እርሳቸው ግን፣ ገና ነው፣ ያም ሆኖ እንደ በፊቱ አላለቀስሽም አሏት።

መምህር እንዳላማው ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔንና ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ተማሪዎቻቸው ዛሬ ለመታሰቢያቸው ጥቁሩን ቀበቶ ለትሕትና እንሰርላት ብለው ነበር፤ እኔም ተስማምቼ ነበር። ልጄ እምቢ አለች። «እየሩስ ገና ናት። ሰኞ እንቀጥላለን» አለችን። ለቅሶ የምትደርሱ ሁሉ እባካችሁ አትምከሯት፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሞክሬ አልሰማችኝም። እንዲህ አድርገው ነው ያስተማሯት።

ደካማውን ሳይሰለቹ የጠበቁትን ወንድማችንን እግዚአብሔር በትዕግሥቱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎች አባቶች ጎን ያሳርፍልን። አሜን።