በመኪናዎ ውስጥ አልፈን ለመውጣት የቀረበ ጥያቄ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎስ ደኅና ናቸው? አዲሱ ባለ ሰባት ወንበር መኪናዎስ እንደምን አደረ? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ በየማለዳው በሬን ስከፍት ከፀሐይ በፊት የማየው እሱን ስለሆነ፣ ደኅና ማደሩን እማኝ ሆኜ መመስከር እችላለሁ።

ዘጠኝ ዓመት በአንድ በር ስንገባና ስንወጣ ብንኖርም ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ሥራዎ ፋታ እንዳልሰጥዎ ስለምረዳ፣ ራሴን ላስተዋውቅ። በማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል የምሠራ፣ በምድር ወለል በግራ በኩል ባለው ቤት የምኖር፣ የእማማ መርፌ ልጅ ነኝ። እማማ መርፌ የሚለውን ስም ለእናቴ ያወጣላት ሕንፃው ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ስለኖረች፣ ደግሞም አንደበቷ ስለማይዶለዱም። ሊቀመንበር ሆነው በተመረጡ ቀን የለበሱትን ሱሪ ያሳጠረችልዎ እሷ ናት፤ ልኩን እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

ነገሬን በግልጽ ደብዳቤ ማቅረቤ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቱን ልንገርዎ። ደጅዎን አንኳኩቼ ስጠይቅዎ «በአፍ የተባለ አይመዘገብም እህቴ፣ በጽሑፍ አስገቢ» አሉኝ። በጽሑፍ አስገባሁ። ጥያቄዬ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው ስብሰባ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንደሚታይ ተነገረኝ። እስከዚያው ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ ወንድሙን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

ስለ ሰሌዳው ካነሳሁ ሳላመሰግንዎ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። መኪናዎ በመውጫችን ፊት በአግድም ከቆመ ወዲህ፣ በኋላውና በግድግዳው መካከል የቀረችው ቦታ ሰው ጎኑን ሰጥቶ፣ ሆዱን ስቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብቻ የሚያልፍባት ሆናለች፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ደግሞ ሰሌዳው ነው። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰሌዳ ዛሬ በሁሉም ነዋሪ፣ ሲወጣም ሲገባም፣ ከአፍንጫ በማይርቅ ቦታ ላይ ይነበባል። የሦስተኛ ፎቁ ዳቦ ጋጋሪ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ በመሆኑ መሀል ላይ ቆሞ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ድረስ የውኃ ፈረቃውን ማስታወቂያ በቃሉ ወጥቶታል። ለንባብ ይህን ያህል የደከመ ሊቀመንበር አልነበረንም።

ወደ ዝርዝሩ ስገባ፦

አንደኛ፣ ስለ መወጣጫው። ባለፈው ዓመት የመግቢያውን ደረጃ አስፈርሰው በምትኩ ዊልቸር የሚወርድበትን ባለ ሲሚንቶ መወጣጫ ሲያሠሩ፣ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነበሩ። «ከእንግዲህ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ማንም እቤቱ ታስሮ አይቀርም!» ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን፤ የመጀመሪያዋ ወራጅም እናቴ ነበረች። ከእሷ ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ አሁንም ከዚህ ደብዳቤ በላይ ተለጥፎ ስላለ፣ አንባቢ ቀና ብሎ ቢያየው ደስ ይለኛል። ዛሬ በዚያው መወጣጫ ግርጌ የቆመው መኪናዎ ነው። ከግቢው ዳር ባለው ዛፍ ሥር እንዳይቆም ወፎቹ ያስቸግራሉ፤ ሜዳው ላይ እንዳይቆም ፀሐዩ ቀለሙን ይጎዳል፤ ከመውጫችን በላይ ያለው በረንዳ ግን ግሩም ጥላ ይጥላል። ይገባኛል። የእናቴ ሐኪም ደግሞ በየጠዋቱ ፀሐይ እንድትሞቅ አዝዞላት ነበር። እንግዲህ ፀሐይ የተከለከለው ደጅ ውሎ፣ ፀሐይ የታዘዘላት እቤት ትውላለች ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንበሮቹ። መኪናው የመጣ ዕለት ሁላችንንም ወደ ግቢ አስወርደው አሳይተውናል፤ ስላከበሩን እግዜር ይስጥልን። «መኪና አትበሉት፣ ሳሎን በሉት! ሰባት ሰው ይዞ ሌላ ሰባት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው» ያሉት ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለ። እርስዎና ባለቤትዎ ሁለት ናችሁ። የቀሩት አምስት ወንበሮች ከፋብሪካ የመጡበትን ላስቲክ እንደለበሱ ማንን እንደሚጠብቁ መጠየቅ የእኔ ድርሻ አይደለም። መኪናውን ግን ከብዙ ሰው የተሻለ ሳላውቀው አልቀርም፤ የማስተዋወቂያ መጽሔቱ የታተመው እኛ ዘንድ ነው፤ በኅትመት የተበላሹ ወረቀቶችን ደግሞ እንድንወስድ ይፈቀድልናል፤ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩትም በዚህ መንገድ ነው። ከገጽ ዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው ሳይበላሽ በመታተሙ እኔ ዘንድ ስላልደረሰ፣ ስለ ሞተሩ የማውቀው የለኝም። ስለ በሮቹ ግን አንብቤያለሁ። በሩ ሲከፈት መርገጫው በራሱ ዝቅ ይላል፣ «ለአረጋውያን የቤተሰብ አባላት ምቾት ታስቦ» ይላል መጽሔቱ። አንጀቴን በላው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጩኸቱ። ሰው ሲጠጋው የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አስገጥመውለት የለ? ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴን በዊልቸሯ ወደ መወጣጫው ጫፍ ሳወርዳት፣ ገና ሳንነካው እሪ አለ። እናቴ አየችውና «ቢያንስ እሱ አየኝ» አለች። እውነቷን ነው። ከማኅበሩ ጋር ንክኪ ካላቸው ሁሉ ለአቤቱታችን በዚያው ደቂቃ መልስ የሰጠን እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ «ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፣ አሁን አነሳዋለሁ» ስላሉት ነገር ነበር። ሁለቱ ደቂቃ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸውን መያዛቸው ስለሆነ፣ ሲያልቁ እመለስበታለሁ።

አምስተኛው ቀልድ አይወጣውም። እናቴ ዳሌዋን ተሰብራ ከታከመች በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አላት። ሦስት ሐሙስ አምልጧታል። ባለሙያዋ በስልክ «አራተኛው ካመለጣት ቦታዋን ለሌላ ለመስጠት እገደዳለሁ፣ ተራ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፤ እግሯም እንደተኮማተረ ይቀራል» ብላኛለች። ከአልጋዋ ተነስታ መስኮቱ ድረስ በድጋፍ ትራመድ የነበረች ሴት፣ አሁን ከአልጋው ጫፍ አታልፍም። ተሸክመን እንዳናወጣት ሐኪሟ ከልክሎናል። ደግፈን እንዳናወጣት፣ ከግራና ከቀኝ ደጋፊ ስለምትፈልግ፣ ሦስት ሰው ጎን ለጎን በዚያች ቀዳዳ አያልፍም። ጠዋት ጠዋት «እስቲ እዪው ልጄ፣ ፈቀቅ አላለም?» ትለኛለች። አላለም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ላቅርብ። መኪናው እንዲነሳ አልጠይቅም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመጠየቅ እኔ ማን ነኝ? እርስዎ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በመሥሪያ ቤትዎ ሰርቪስ እንደሚሄዱ፣ መኪናውም እሑድን እየጠበቀ እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ ዕረፍቱን መንፈግ አልፈልግም። የምለምነው በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የግራና የቀኝ የመሀል በሮቹ ሳይቆለፉ እንዲቆዩልን ብቻ ነው። እናቴን በመወጣጫው እናወርዳታለን፤ በግራው በር መርገጫው በራሱ ይወርድላታል፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ወደ ቀኙ ትንሸራተታለች፤ በቀኙ በር ትወርዳለች። ዊልቸሯን አጥፌ በሰሌዳው በኩል አሳልፈዋለሁ። መኪናው ከመንገዳችን መነሳት ካልቻለ፣ መንገዳችን ይሁንልን። ጫማዋን ታወልቃለች፤ ላስቲኩን ላለመቅደድ ጥፍሯን እቆርጥላታለሁ፤ ጠቅላላው ጉዳይ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የእኛን ሁለት ደቂቃ ማለቴ ነው።

ጎኔን ሰጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ስለ ጥላውም ስለ ጸጥታውም እያመሰገንኩ፣ ከመኪናዎ ኋላ ሆኜ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

የእማማ መርፌ ልጅ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦

ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ያለቀው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ባለቤትዎ ነገሩን ከግድግዳ ላይ እንዲሰሙት ማድረግ ነውር መስሎ ስለታየኝ አስቀድሜ ይዤላቸው ወጣሁ። በራቸው ላይ እንደቆሙ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩት፤ ከዚያ «ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» ብቻ አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ እርስዎ ሰርቪሱ ላይ እንደወጡ፣ መስቀያው ላይ የሚተዉትን ቁልፍ ይዘው ወረዱ። ሁሉም እንዳቀድኩት ሆነ። መርገጫው በራሱ ወረደ፤ መጽሔቱ አልዋሸም። እናቴ ላስቲኩን እያንኮሻኮሸች ተቀመጠች። ወደ ቀኙ በር መንሸራተት ስትጀምር ግን ባለቤትዎ «የት ይሄዳሉ እማማ? ይቀመጡ እንጂ!» አሉና በሩን ዘጉት። እኔንም «አንቺስ ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ!» ብለው መሪውን ያዙ። ለካ ትዳር ሳይዙ በፊት የዳቦ ማከፋፈያ መኪና አሥራ አንድ ዓመት ነድተው ኖሯል። እርስዎ ያውቁ ይሆናል፤ እኔ አላውቅም ነበር። እናቴ በመንገድ ላይ «ሳሎን እንኳ አይደለም፣ ግን ይሄዳል» አለች። ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድመን ደረስን። ቦታዋ አልተሰጠባትም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደብዳቤውን መቅደድ ነበረብኝ፤ ነገር ግን የተጻፈበት ወረቀት መጣል ስለማይሆንልኝ እንዳለ ለጥፌዋለሁ። ማታ ሲመለሱ በመውጫችን ፊት ባዶ ቦታ ቢያዩ እንዳይደነግጡ፤ ሌባ አልገባም። እዚያ የሚያዩት ራስዎ ሪባን የቆረጡለት መወጣጫ ነው። መኪናው ግቢው ዳር ዛፉ ሥር ቆሟል፤ ጣራው ላይ ያለው ነጭ ነገር ከወፎቹ ነው፣ በውኃ ይለቃል። ሰሌዳውን ለማንበብም ከእንግዲህ ሰው በፈቃዱ መቆም ይኖርበታል፤ እስካሁን ሁሉም እየቆመ ነው።

ባለቤትዎ ሐሙስ ሐሙስን ለእናቴ መድበዋል። የመኪናው ሁለቱም ቁልፎች ያሉት እሳቸው ዘንድ ነው። እርስዎ መኪናውን የሚፈልጉት እንደሆነ፣ በአፍ የተባለ ስለማይመዘገብ፣ ማመልከቻዎን በጽሑፍ እንዲያስገቡ ንገሪልኝ ብለውኛል። ጊዜ ከተረፈ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ይታይልዎታል።